ኮሎኙን ብቀይርም ማሳከኩ ለምን ተመለሰ?

ጥያቄ፦ «ለብዙ ዓመት አንድ ዓይነት ኮሎኝ ስቀባ ኖሬያለሁ፤ ምንም ሆኜ አላውቅም። ካለፉት ጥቂት ወራት ወዲህ ግን አንገቴንና ከጆሮዬ ሥር ያሳክከኛል፤ ቆዳው ሻክሮ እየጠቆረ መጥቷል። ብብቴንም ጀምሮኛል። ኮሎኙ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ በሌላ ቀየርኩት፤ ሁለት ሳምንት ያህል ደህና ከሆንኩ በኋላ ተመልሶ መጣ። ሴቲሪዚን የሚባለውን የአለርጂ ክኒን ወሰድኩ፣ አልረዳኝም። በዚያ ላይ ባለቤቴ ሽቶ ስትነፋ አፍንጫዬ ይዘጋል፣ ደረቴን ያፍነኛል። ይህ አለርጂ ነው? ሽቶ እስከነጭራሹ ልተው ወይስ የሚስማማኝ ይኖራል?»

ምላሽ፦

የነገሩን አንድ ችግር ቢመስልም ሁለት ነው። አንገትዎና ብብትዎ ላይ ያለው፣ አገላለጽዎ ትክክል ከሆነ፣ በንክኪ የሚመጣ የቆዳ አለርጂ ይመስላል። የአፍንጫው መዘጋትና የደረቱ መታፈን ግን በሌላ መንገድ የሚመጣ ነው፤ ምርመራውም ሕክምናውም ለየቅል ነው። ሁለቱን ደባልቆ «የሽቶ አለርጂ አለብኝ» ብሎ ማለፍ ብዙ ሰው የማይመለከተውን ምርመራ እንዲያደርግና የማይረዳውን ክኒን እንዲውጥ ያደርገዋል። ሰፊው የቆዳው ጉዳይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

«ለዓመታት ስቀባው ምንም አላደረገኝም» የሚለው ኮሎኙን ከጥርጣሬ ነጻ አያወጣውም። እንዲያውም የንክኪ አለርጂ ጠባዩ ይኸው ነው። መዓዛ የሚሰጡት ኬሚካሎች በጣም ጥቃቅን ስለሆኑ የቆዳን የላይኛ ሽፋን አልፈው ይገባሉ፤ እዚያም ከቆዳው ፕሮቲን ጋር ይጣበቃሉ። የሰውነት መከላከያ ይህን ጥምር እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይመዘግበዋል። ምዝገባው ቢያንስ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈጃል፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ግን የሚፈጸመው ከዓመታት ንክኪ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ቆዳው ያንን ነገር ባገኘ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይቆጣል፤ ይህ ጠባይም በአብዛኛው ዕድሜ ልክ ይዘልቃል። በምላጭ የተላጨ፣ የተሰነጣጠቀ ወይም ቀድሞውኑ ችፌ ያለበት ቆዳ እነዚህን ኬሚካሎች በቀላሉ ያስገባል። ጢማቸውን በየቀኑ የሚላጩ ሰዎች አንገታቸው ላይ ቢጀምራቸው የሚያስገርም አይደለም።

ኮሎኙን ሲቀይሩ ለምን አልተሻለዎትም? ብራንዱ ተለወጠ እንጂ ውስጡ ያሉት መዓዛዎች አልተለወጡም። በገበያ ላይ ያሉት ሽቶዎች ስማቸው ሺህ ይሁን እንጂ በጥቂት ደርዘን የተለመዱ ንጥረ ነገሮች ላይ ተመርኩዘው የሚሠሩ ናቸው። ሊሞኔን፣ ሊናሎል፣ ጀራኒዮል፣ ሲትሮኔሎል፣ ኩማሪን የሚባሉትን ርካሹም ውዱም ውስጥ ያገኟቸዋል። መካከል ላይ ያገኙት የሁለት ሳምንት እፎይታም አያታልልዎት፤ አዲሱ ሽቶ ውስጥ ጥፋተኛው ንጥረ ነገር በአነስተኛ መጠን ካለ ቆዳው ወዲያው አይቆጣም፤ ለብዙ ቀን ሲደጋገምበት ነው የሚገነፍለው። «ሦስት ቀን ሞክሬው ምንም አላደረገኝም» ማለት ስለዚህ ብዙም ዋጋ የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከብርቱካንና ከሎሚ ልጣጭ የሚወጣው ሊሞኔን፣ ከላቬንደር የሚወጣውም ሊናሎል፣ ትኩስና ንጹሕ ሳሉ አለርጂ የማስነሳት አቅማቸው ደካማ ነው። አየር ሲያገኛቸው ግን ኦክስጅን ይዘው ሃይድሮፐርኦክሳይድ ወደሚባል ውህድ ይቀየራሉ፤ ይህኛው ነው ጠንካራው አስቆጪ። ግማሹ አልቆ ክዳኑ የላላ፣ ሙቀትና ብርሃን ያለበት መስኮት ላይ የከረመ ጠርሙስ ከአዲሱ ይልቅ ሊያስቸግር የሚችለው ለዚህ ነው። ኮሎኝ ደግሞ በባሕርዩ የሎሚ ዝርያ ፍሬዎች መዓዛ የሚበዛበት ነው። ይህ ሲባል ግን አንዴ አለርጂው ከያዘዎት በኋላ አዲስ ጠርሙስ መግዛት መፍትሔ ይሆናል ማለት አይደለም። መጠኑንም ያስተውሉ፦ ኮሎኝ በተለምዶ ከ2 እስከ 5 በመቶ ያህል የመዓዛ ዘይት ሲይዝ፣ ኦ ደ ቷሌት ከ5 እስከ 15፣ ኦ ደ ፓርፉም ደግሞ ከ15 እስከ 20 በመቶ ገደማ ይይዛል። ከኮሎኝ ወደ «የተሻለ ጥራት» ሽቶ የተሸጋገረ ሰው ሳያውቀው ለቆዳው የሚሰጠውን መጠን እጥፍ ድርብ አድርጎታል።

አሁን፣ በእርግጥ አለርጂ መሆኑን እንዴት ይለያሉ? ከተላጩ በኋላ ኮሎኝ ሲነካዎት ወዲያው ካንገበገበዎትና በአንድ ሰዓት ውስጥ ከጠፋ፣ ያ የአልኮሉ ሥራ ነው፤ ማንንም ሰው ያንገበግባል። አለርጂው ዘግይቶ ይመጣል፤ ከማቃጠል ይልቅ ማሳከክ ይበዛበታል፤ ከተቀቡበት ቦታም አልፎ ዙሪያውን ይዛመታል። መጀመሪያ ላይ ጥቃቅን ሽፍታ ይወጣል፣ ሲብስ ውሃ ይቋጥራል፣ ሲቆይ ደግሞ ቆዳው ይወፍራል፣ ይሻክራል፣ ይሰነጣጠቃል። መማሪያ መጻሕፍት «መቅላት» የሚሉት ምልክት በጠቆረ ቆዳ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። በቦታው የሚታየው ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ግራጫ ያደላ መጥቆር ነው፤ ስለዚህ ከዓይንዎ ይልቅ በጣትዎ ይመኑ፤ መሻከሩና መሞቁ በዳሰሳ ይታወቃል።

ምንም ሳያሳክክ አንገት ላይ እንደ ፈሰሰ ውሃ ወደ ታች የወረደ ቡናማ መስመር ከታየ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ቤርጋሞት ከሚባለው የሎሚ ዝርያ ፍሬ በሚወጣው ዘይት ውስጥ ያለው ቤርጋፕተን ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፤ ቃጠሎው ሲጠፋ ጥቁረቱ ለወራት ይቀራል። አለርጂ አይደለም፤ ቤርጋፕተኑ ያልወጣለት ዘይት ቀብቶ ፀሐይ የሞቀ ማንኛውም ሰው ሊደርስበት ይችላል።

ቦታው ራሱ ብዙ ይናገራል። የአንገት ፊት ለፊት ከማንቁርት አካባቢ፣ ከጆሮ ኋላ፣ የእጅ አንጓና የክርን መታጠፊያ ሽቶ የሚነፋባቸው ቦታዎች ናቸው። ብብትዎን በመስታወት አጠገብ ሆነው በደንብ ይመልከቱት። ፀጉር የሚበቅልበት የብብቱ መሃል ከተያዘ ጥርጣሬው ዲኦዶራንት ላይ ይወድቃል። መሃሉ ደህና ሆኖ ልብስ የሚፈትገው ዳር ዳሩ ብቻ ከሆነ የልብስ ቀለም ወይም ልብሱ ላይ የቀረ ማለስለሻ ሊሆን ይችላል። ድንበሩ ጥርት ያለ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላና እምብዛም የማያሳክክ ከሆነ ደግሞ ኤሪትራዝማ የሚባል የባክቴሪያ ልክፍት ይታሰባል፤ ዳሩ ከፍ ብሎ መሃሉ የጠራ ክብ ከሆነ ፈንገስ። እነዚህ ሁለቱ በስቴሮይድ ቅባት አይድኑም፤ ፈንገሱማ ይብስበታል። ቤኪንግ ሶዳ ያለበት «ተፈጥሯዊ» ዲኦዶራንትም ያለ ምንም አለርጂ ብብትን ሊያቆስል ይችላል።

አንገት ላይ ሽቶን የሚመስሉ ሌሎችም አሉ። በተላጨ ጢም ሥር ነጠላ ነጠላ ሆነው የሚወጡ እብጠቶች ወደ ውስጥ የታጠፉ ፀጉሮች ናቸው። የአንገት ሐብል ያረፈበትን መስመር ተከትሎ የመጣ ከሆነ ኒኬል ነው የሚጠረጠረው። ከጆሮ ኋላ ቅባታማ ቅርፊት ካለውና ራስዎም ላይ ፎረፎር ካለ ሰቦሪክ ደርማታይተስ ሊሆን ይችላል። የፀጉር ቀለም የሚቀቡ ከሆነ ፒፒዲ፣ ሻምፑና እርጥብ ሶፍት ውስጥ ደግሞ ምርቱ እንዳይበላሽ የሚጨመረው ሜቲልአይሶታያዞሊኖን የተባለው መከላከያ ኬሚካል ከሽቶ ያላነሰ አለርጂ ያስነሳሉ። ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ሽቶውን ጥፋተኛ ነው ብለው ከደመደሙ በኋላ ሌላው እንዳይሰወርብዎት ነው።

ሴቲሪዚን ያልረዳዎት በጥራት ማነስ አይደለም። ሴቲሪዚን የሚያግደው ሰውነት የሚለቀውን ሂስታሚን የተባለ ኬሚካል ነው፤ ሂስታሚን ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ የሚነሳ ሽፍታና ማስነጠስ ላይ እንጂ በቀናት ዘግይቶ በሚመጣው የንክኪ አለርጂ ላይ ዋና ተዋናይ አይደለም። በዚሁ ምክንያት ክንድ ላይ በመርፌ ጫፍ የሚደረገው የአለርጂ ምርመራም ሆነ አይጂኢ የተባለውን የአለርጂ ፀረ እንግዳ አካል የሚለካው የደም ምርመራ የእርስዎን ችግር አያሳይም። «ሁሉም ነጻ ነው» የሚል ውጤት ይዘው ተመልሰው ማሳከክዎን ይቀጥላሉ።

ዛሬ የሚጀምሩት ሥራ ማቆም ነው፤ ሁሉንም፣ በአንድ ጊዜ፣ ቢያንስ ለ6 ሳምንት። ኮሎኙን ብቻ አቁሞ መዓዛ ያለው ሳሙና መጠቀም ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ነው። የሚቆሙት ሽቶ፣ አፍተርሼቭ፣ ዲኦዶራንት፣ ሎሽን፣ መዓዛ ያለው የገላ ሳሙናና ሻምፑ፣ የከንፈር ቅባት፣ እርጥብ ሶፍት፣ መዓዛ ያለው ሳኒታይዘርና የልብስ ማለስለሻ ናቸው። ሻምፑ የሚረሳው «ራሴ ላይ ምንም የለም» በሚል ነው። የራስ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይቆጣም፤ ታጥቦ የሚወርደው አረፋ የሚያልፍባቸው አንገት፣ ጆሮና የዓይን ቆብ ናቸው የሚጎዱት።

ዕቃ ሲገዙ ፊት ለፊት የተጻፈውን ትተው ጀርባውን ያንብቡ። በንጥረ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ «ፓርፉም»፣ «ፍራግራንስ» ወይም «አሮማ» የሚል ካለ ይመልሱት፤ በእነዚህ በአንዱ ቃል ሥር በርካታ ደርዘን ኬሚካል ሊኖር ይችላል። «አንሴንትድ» የሚለው ምልክት አያታልልዎት፤ የሌላውን ንጥረ ነገር ሽታ ለመሸፈን መዓዛ ተጨምሮበትም እንዲህ ሊባል ይችላል። የሚፈልጉት «ፍራግራንስ ፍሪ» (ከመዓዛ ነጻ) የሚለውን ነው፤ እሱንም ቢሆን ዝርዝሩን አይተው ያረጋግጡ። የላቬንደር ዘይት፣ የሻይ ዛፍ ዘይት፣ የቀረፋ ዘይት እያለ የሚዘረዝር «ከኬሚካል ነጻ» ምርት ለእርስዎ ከሽቶ አይለይም። ቆዳ ንጥረ ነገሩ ከዛፍ ይምጣ ከፋብሪካ አይለይም፤ የቅርንፉድ ዘይት አብዛኛው ክፍል አለርጂ አስነሺ የሆነው ዩጀኖል ነው።

ከዚያ ሽቶውን የጠጡ ዕቃዎች አሉ። የኮት አንገትጌ፣ የሱፍ ስካርፍ፣ የትራስ ልብስ፣ የጆሮ ማዳመጫው ስፖንጅ፣ የሞተር ሳይክል ቆብ ማሰሪያ። የሚታጠበውን መዓዛ በሌለው ሳሙና ሁለት ጊዜ አጥበው ደጋግመው ያለቅልቁት። የቆዳ የሰዓት ማሰሪያ ግን ታጥቦ አይለቅም፤ አንጓዎ ላይ ሰዓቱ ያረፈበት ቦታ ብቻ አልድን ካለ ማሰሪያውን ይቀይሩ።

ለቆሰለው ቆዳ፦ ለብ ባለ ውሃ ይታጠቡ፣ ሳሙናውን ብብትና እግር መካከል ላይ ብቻ ይወስኑ፣ እርጥበቱ ሳይደርቅ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ይቀቡ። ውሃ የሚያዥ ከሆነ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ በውሃ ነክረው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በቀን ሁለት ሦስቴ ያኑሩበት። አንገትና ብብት ቆዳቸው ስስ ስለሆነ ሃይድሮኮርቲዞን 1 በመቶ በቀን ሁለት ጊዜ ለ7 ቀን መነሻ ይሆናል። መጠኑን በጣት ይለኩ፦ ከቱቦው ወጥቶ ከአመልካች ጣትዎ ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የሚዘረጋው ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ ይህም ጣቶችን ጨምሮ ሁለት መዳፍ የሚያህል ቆዳ ይበቃል። ሰው ስቴሮይድ ፈርቶ ሩዝ ፍሬ ታክላለች የምትባል ጠብታ ለሙሉ አንገት ያዳርሳል፤ ከዚያ «አልሠራም» ይላል። ከክሬም ይልቅ ቅባታማውን ኦይንትመንት ይምረጡ፤ መከላከያ ኬሚካሉ ያነሰ ነው። በሳምንት ካልተሻለ ሐኪም እንደ ሞሜታዞን ያለ ጠንከር ያለ ለአጭር ጊዜ ሊያዝ ይችላል፤ ለዓይን ቆብ ደግሞ ታክሮሊመስ።

ክሎቤታሶል የተባለውን በጣም ኃይለኛ ስቴሮይድ በራስዎ ፈቃድ አንገትና ብብት ላይ አይቀቡ። ቆዳ ያሳሳል፣ ብብት ላይ የማይጠፋ ስንጥቅ መሰል መስመር ይተዋል። ስቴሮይድ፣ ፈንገስ ማጥፊያና አንቲባዮቲክ በአንድ ቱቦ የተቀላቀለበትን ክሬምም እንዲሁ ይተዉት፤ ብዙ ጊዜ በውስጡ የሚገኘው ኒዮማይሲን ራሱ ታዋቂ አለርጂ አስነሺ ነው። የሚቀባ ፀረ ሂስታሚንም ያው ነው። ሽፍታው ሰፊ የሰውነት ክፍል ከያዘ ሐኪም የፕሬድኒሶሎን ክኒን ሊያዝ ይችላል፤ የንክኪ አለርጂ በ5 ቀን ክኒን ታፍኖ ሲቆም እንደገና ይነሳል፤ ስለዚህ ከ2 እስከ 3 ሳምንት እየተቀነሰ ይሰጣል። ማሳከኩ በጥቂት ሳምንት ይጠፋል። ጥቁረቱ ግን ወራት ይፈጃል። ያንን ለማፋጠን ማሸት፣ መፈግፈግና ማንጫ ክሬም መቀባት አዲስ ቁጣ ከመጥራት በቀር ትርፍ የለውም።

ጥፋተኛውን በስሙ የሚነግርዎት ምርመራ ፓች ቴስት ነው። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ንጥረ ነገሮቹ በትናንሽ ክብ ሳህኖች ተደርገው የላይኛ ጀርባዎ ላይ በፕላስተር ይለጠፋሉ። ለ48 ሰዓት ይቆያሉ፤ ጀርባ አይታጠብም፣ የሚያላብ ሥራ አይሠራም። ከተነሱ በኋላ ይነበባሉ፤ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ሁለተኛ ንባብ ይደረጋል፣ አንዳንዴም በ7ኛው ቀን ሦስተኛ። ሁለተኛው ንባብ ከቀረ ምርመራው ግማሽ ነው፤ እውነተኛው አለርጂ እየጎላ የሚሄደው፣ ተራ መቆጣቱ ደግሞ እየደበዘዘ የሚሄደው በዚያ ጊዜ ነው። ከምርመራው በፊት ለአንድ ሳምንት ጀርባዎ ላይ ስቴሮይድ አይቀቡ፣ ፀሐይም አያስመቱት። ፕሬድኒሶሎን የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ፤ ሴቲሪዚን ግን ምርመራውን አያበላሽም።

ከመደበኛው ስብስብ ውስጥ ለእርስዎ የሚያስፈልጉት ፍራግራንስ ሚክስ 1፣ ፍራግራንስ ሚክስ 2፣ የፔሩ በለሳን (ከዛፍ የሚወጣ መዓዛማ ሙጫ)፣ እንዲሁም ኦክስጅን የያዙት ሊሞኔንና ሊናሎል ናቸው። የመጀመሪያው ድብልቅ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የሚታወቅ ሲሆን ሲናማል (የቀረፋ መዓዛ)፣ ዩጀኖል፣ አይሶዩጀኖል፣ ጀራኒዮልና ኦክሞስ የተባለውን የተፈጥሮ መዓዛ ጨምሮ ስምንት ነገር ይዟል። ሁለተኛው ስድስት፤ ሲትራል፣ ፋርኔሶልና ኩማሪን ከእነሱ መካከል ናቸው። የራስዎን ኮሎኝና ዲኦዶራንት ከነማሸጊያቸው ይዘው ይሂዱ፤ ድብልቆቹ የማይዙት ንጥረ ነገር እዚያ ሊገኝ ይችላል። የድብልቁ ውጤት «አለ» ካለ፣ የሚቻል ከሆነ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ለየብቻው እንዲፈተሽ ይጠይቁ። ሊናሎልና ሊሞኔን ላይ የሚታይ ደካማ ምላሽ ብዙ ጊዜ አጠራጣሪ ስለሆነ፣ ሐኪሙ ከሚጠቀሙባቸው ዕቃዎች ጋር ሳያገናዝበው አይቀበሉት።

ፓች ቴስት በቅርብ ከሌለ፣ ቆዳዎ ሙሉ በሙሉ ከዳነ በኋላ በቤት የሚደረግ ሙከራ አለ። በክንድዎ ውስጠኛ ክፍል፣ ከክርን መታጠፊያ ዝቅ ብሎ፣ 5 በ5 ሳንቲ ሜትር የሚሆን አራት ማዕዘን በእስክርቢቶ ምልክት ያድርጉ። አንዱን ምርት ብቻ ጠዋትና ማታ እዚያው ላይ ይቀቡ፤ ሽቶ ከሆነ አንድ ጠብታ አድርገው ይድረቅ፣ አይሸፍኑት። እስከ 14 ቀን ይቀጥሉ፤ ሽፍታ ወይም ማሳከክ እንደጀመረ ያቁሙ። ብዙ ሰው በ4ኛው ቀን «ደህና ነው» ብሎ ያቋርጣል፤ ከላይ እንዳልኩት አነስተኛ መጠን ጊዜ ይፈልጋል። ሁለት ምርት በአንድ ሳምንት ከሞከሩ የትኛው እንደሆነ አያውቁም። ሻምፑ፣ ሳሙናና ማጽጃ በዚህ መንገድ አይሞከሩም፤ ማንም ላይ ተቀብተው ቢቆዩ ያቆስላሉ። ከሽቶ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ሽፍታ ወጥቶበት ወይም ከንፈሩ አብጦ የሚያውቅ ሰው ይህን ሙከራ በቤቱ አይሞክር።

ወደ አፍንጫውና ደረቱ እንሂድ። ባለቤትዎ ሲነፉ የሚሰማዎት መታፈን በአብዛኛው የመከላከያ ሥርዓት ጉዳይ አይደለም። የሽቶ ተን የአፍንጫንና የመተንፈሻ ቱቦን ነርቮች በቀጥታ ይቆጠቁጣል፤ አስም ያለበት ሰው ቱቦው በዚህ ይጠባል፣ ራስ ምታት ያለበትን ራሱን ያነሳበታል። ለዚህ የሚሆን የቆዳም የደምም ምርመራ የለም። ሊመረመር የሚገባው ሳንባዎ ነው፦ ደረትዎን የሚያፍንዎት፣ ሲተነፍሱ የሚያፏጭ ወይም ሌሊት የሚያስልዎት ከሆነ ስፓይሮሜትሪ የተባለውን የትንፋሽ መለኪያ ምርመራ ይሠሩ። እስከ ዛሬ ያልታወቀ አስም በሽቶ ሰበብ መገለጡ የተለመደ ነው፤ አስሙ በሚገባ ሲታከም ሽቶውን የመቋቋም አቅምም ይሻሻላል። አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብና በሐኪም የታዘዘ የአፍንጫ ስቴሮይድ ይረዳል። የአፍንጫ መክፈቻ ጠብታዎችን ከ5 ቀን በላይ አይጠቀሙ፤ ሲያቆሟቸው አፍንጫው ይብሱን ይዘጋል።

ባለቤትዎን በተመለከተ፣ የተረጨ ሽቶ በደቂቅ ጠብታ መልክ አየር ላይ ስለሚንሳፈፍ ከሚቀባው ይልቅ ሳንባን ያስቸግራል። በመኝታ ክፍል አይነፉት፤ ከቤት ሲወጡ በረንዳ ላይ ይሁን። ለቆዳዎም ይህ ይመለከትዎታል፤ የትዳር ጓደኛ ሽቶና ሎሽን በትራስና በንክኪ ይተላለፋል። እርስዎ ሁሉንም አቁመው አንድ ወገን ጉንጭዎና አንገትዎ ብቻ ካልዳነ እዚያ ይፈልጉት። መስኮት መክፈት ከሁሉም ይሻላል። ሄፓ ማጣሪያ ብቻ ያለው የአየር ማጽጃ አቧራ እንጂ ተን አያስቀርም፤ አክቲቬትድ ካርቦን ያለው መሆን አለበት። ተራ የአፍ መሸፈኛም ሽታ አያቆምም።

ሽቶ ከነካዎት ወይም ከሸተተዎት በደቂቃዎች ውስጥ ሰውነትዎ ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ ከንፈርዎ ወይም ምላስዎ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ራስዎን ሊስቱ ከደረሱ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ እምብዛም አይከሰትም፣ ሲከሰት ግን አድሬናሊን እንጂ ክኒን አይጠበቅም። ትኩሳት፣ መግል ወይም ዓይንን የዘጋ እብጠትም በዚያው ቀን መታየት አለበት።

የመጨረሻው ጥያቄዎ፣ የሚስማማ ሽቶ ይኖራል ወይ? መልሱ በፓች ቴስቱ ላይ ነው። አንድ ወይም ሁለት ንጥረ ነገር በስም ከተለየ፣ ያ ስም የሌለበትን መምረጥ ይቻላል። በአውሮፓ ኅብረት ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 26 መዓዛዎች ቆዳ ላይ በሚቆዩ ምርቶች ከ0.001 በመቶ፣ በሚታጠቡት ከ0.01 በመቶ ሲበልጡ በስማቸው መጻፍ ግዴታ ነው። በ2023 የወጣው ደንብ ዝርዝሩን ከ80 በላይ አድርሶታል፤ አዲስ ለሚወጡ ምርቶች ከጁላይ 31 ቀን 2026፣ ቀድሞ ገበያ ላይ ላሉት ከጁላይ 31 ቀን 2028 ጀምሮ ይሠራል። ዝርዝር ያልተጻፈበት ጠርሙስ ለእርስዎ ምርጫ አይደለም። የቆየ ጠርሙስም አይጠቀሙ፤ ላይራል በሚባለው ስም የሚታወቀው ንጥረ ነገርና በኦክሞስ ውስጥ ያሉት አትራኖልና ክሎሮአትራኖል በአውሮፓ ኅብረት አዲስ ምርት ውስጥ የታገዱት ከኦገስት 2019 ጀምሮ ስለሆነ ከዚያ በፊት በተሠሩት ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ።

ተስማሚ የመሰለዎትን ሽቶ መጀመሪያ በክንድዎ ላይ ለ14 ቀን ይሞክሩት። ካለፈ ከቆዳዎ በማይነካ የልብስ ውጫዊ ክፍል ላይ ይንፉት፣ ደርቆ ሳያበቃ አይልበሱት፤ በላብ የሚርስ ሸሚዝ ላይ ከነፉት ወደ ቆዳዎ ይመለሳል። ብብትና አዲስ የተላጨ አንገት ላይ ግን ለዘለቄታው ይቅርብዎት። ድብልቁ ላይ ብቻ «አለ» የሚል ውጤት ይዘው ዝርዝሩ ካልተፈተሸ፣ ሁሉንም መዓዛ መተው ነው ያለው አማራጭ፤ በ«ትንሽ ብቻ» መደራደር አያዋጣም።

የውጤትዎን ወረቀት ፎቶ አንስተው ስልክዎ ላይ ያኑሩት። ዩጀኖል ከተገኘብዎት ለጥርስ ሐኪምዎ ይንገሩ፤ በአንዳንድ የጥርስ መሙያ ሲሚንቶ ውስጥ ይገባል። ሲናማል ከሆነ የጥርስ ሳሙናዎን ይመልከቱ። የፔሩ በለሳን ከሆነ በአንዳንድ የፊንጢጣ ኪንታሮት ቅባት ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ጥቂት ሰዎች ላይ ደግሞ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ቫኒላ መብላት ሽፍታውን ያነሳሳል። ምግብ ለመቀነስ ግን አይቸኩሉ፤ ያ የሚታሰበው ቆዳዎ ላይ ያለውን ሁሉ አቁመው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሳይሻልዎት ሲቀር ነው። ሳይሻልዎት ቀርቶ ፓች ቴስቱም ነጻ ከሆነ ደግሞ ሽቶውን ትተው ከላይ የጠቀስኳቸውን ሌሎቹን በሽታዎች ይጠርጥሩ፤ ሐኪሙ ከቆዳው ፍቆ ፈንገስ እንዲያይ፣ ካስፈለገም ትንሽ ናሙና እንዲወስድ ይጠይቁ።